ከጅማ ወደ ላንጋኖ፦ ለካያክ ሥልጠና ምን እንልበስ?

ቆጪ ሰፈር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ታናሽ እህቴ ኅዳር ውስጥ ላንጋኖ ላይ ለሚሰጥ የሁለት ቀን የጀማሪዎች ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ) ሥልጠና ተመዝግበናል። የምንነሣው ከጅማ ነው። ጀልባ፣ መቅዘፊያና ላይፍ ጃኬት እዚያው ይሰጠናል። ስለ ልብስ የተነገረን ግን "ቢረጥብ የማያሳስባችሁን ልበሱ፣ ቅያሪ ያዙ" የሚል ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከላዩ የሚቀመጡበትን ክፍት ካያክ፣ በሁለተኛው ቀን እግር ወደ ውስጥ የሚገባበትን ዝጉን እንሞክራለን ተብሏል።

ዌትሱት (ገላ ላይ ጥብቅ የሚል የጎማ የውሃ ልብስ) መግዛት አለብን ወይ? ጂንስና ቲሸርትስ? ጫማ ምን ዓይነት? እኔ መነጽር አደርጋለሁ። እህቴ ሂጃብ ትለብሳለች፣ ዋናም አትችልም። ደግሞ ከመሄዳችን በፊት እዚሁ ጅማ አካባቢ ቦዬ ሐይቅ ወይም ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ጀልባ ተውሰን ትንሽ ብንለማመድ ምን ይመስላችኋል? ከተቻለ ጅማ ገበያ ላይ የሚገኝ ነገር ጠቁሙን።

ቀዛፊው

እንኳን ተመዘገባችሁ ወንድሜ። ከጂንሱ ልጀምር፦ ተወው። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ካያክ ላይ እግርህን ዘርግተህ ጉልበትህን ትንሽ አጠፍ አድርገህ ነው የምትቀመጠው። ተገልብጠህ ከውሃ ወደ ጀልባው ስትመለስ ደግሞ በሆድህ ተኝተህ ወጥተህ አንዱን እግር በጀልባው ላይ ማሻገር አለብህ። እርጥብ ጂንስ ጭንና ጉልበት ላይ ተጣብቆ ይህን አያስደርግህም። የጥጥ ቲሸርትም ከዚያ ብዙ አይሻልም። ላንጋኖ ላይ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሣል፤ እርጥቡ ጨርቅ በንፋስ ሲደርቅ ሙቀቱን የሚወስደው ከገላህ ስለሆነ ፀሐይ እያለ ትንቀጠቀጣለህ።

የምትፈልገው ፖሊስተር ወይም ናይለን ነው። ሐሙስ ገበያ ውጣና ሰልባጅ የሚሸጡት ዘንድ ረጅም እጅጌ ያለው የስፖርት ማሊያ ፈልግ። የኳስ ማሊያ በቂ ነው። ምልክቱ ተቀዶ ከሆነና ጨርቁ ምን እንደሆነ ካጠራጠረህ እቤት ውሃ ነክረህ ጨምቀህ አራግፈው፣ ጥላ ሥር ስቀለው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሊደርቅ የተቃረበ ከሆነ ያዘው፤ የጨርቁ ጫፍ አሁንም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጥጥ በዝቶበታል። ከታች ታይት ወይም ሰፋ ያለ የስፖርት ቁምጣ፣ ወገቡ ላስቲክ የሆነ። ቀበቶ አያስፈልግም። በሆድህ ተኝተህ ጀልባው ላይ ስትወጣ ብረቱ ሆድህን ይወጋል፣ ጀልባውንም ይፍቃል። በዚያው ምክንያት የፊት ኪስህ ውስጥ ቁልፍም ስልክም አይኑር።

ብዙ ሰው የሚረሳው የውስጥ ሱሪን ነው። ከጥጥ የተሠራ ከሆነ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ስለሚቀመጡበት ስፌቱ ጭን ሥር ይልጣል፤ ሁለተኛው ቀን ላይ መቀመጥ እስኪያቅት ድረስ። ቀጭን የስፖርት ታይት ከውስጥ ብትለብስ ይሻላል።

አንድ ስስ የናይለን የንፋስ ጃኬትም ያዙ፣ የእጅጌው ጫፍ ላስቲክ ያለው። የሚለበሰው ሁልጊዜ ከላይፍ ጃኬቱ ሥር ነው። ከላይ ከለበስከው የላይፍ ጃኬቱን መቆለፊያዎች ይሸፍናል፤ አሠልጣኙም መታሰሩንና መጥበቁን ማየት አይችልም። ኮፍያ የተሰፋበት ከሆነ ኮፍያውን ወደ ውስጥ አጥፈው፣ ውሃ ውስጥ ስትገባ እንደ ባልዲ ይሞላል።

ዌትሱት አያስፈልጋችሁም። የሚሠራው በገላና በጎማው መካከል ስስ ውሃ አስቀርቶ እሱን በማሞቅ ነው፤ ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ነው። ድንገተኛ ቅዝቃዜ ትንፋሽ የሚያስቆርጠው በተለይ ውሃው ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን ነው፤ ላንጋኖ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ያለ ሐይቅ ስለሆነ ያን ያህል አይቀዘቅዝም። እዚያ ፀሐይ ላይ ወፍራም ዌትሱት ለብሶ መቅዘፍ ሰውነትን ያግላል፣ ትከሻንም ይይዛል።

አጂፕ

በዌትሱቱ አልስማማም። ጎማው ራሱ ያንሳፍፋል አይደል? ዋና ለማትችለው እህቱ ተጨማሪ ዋስትና ይሆናታል። ዋናተኛው ወንድም ግን ላይፍ ጃኬቱን ከኋላው ቢያስቀምጠውና ሲያስፈልግ ቢለብሰው ችግር አይመስለኝም፤ በጣም ይሞቃል።

የነፍስ አድን ባለሙያ

አጂፕ፣ ሁለቱም ሐሳብህ አደገኛ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ዌትሱት የተወሰነ ያንሳፍፋል፤ ግን ጭንቅላትን ከውሃ በላይ ይይዛል ተብሎ አልተሠራም። እግር ላይ ያለው ጎማ እግርን ወደ ላይ ሊያነሣ ይችላል፤ ዋና ለማይችል ሰው ይህ የሚጠቅም አይደለም። አብዛኛው ትልቅ ሰው ጭንቅላቱ ከውሃ በላይ እንዲቆይ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ማንሳፈፊያ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ለካያክ የሚሠራው ጃኬት 50 ኒውተን ነው የሚባለው ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ 50 ኒውተን ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ የማንሳት ኃይል ነው። ነገር ግን የዚህ ዓይነቱ ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ አይገለብጥም። የተሠራው ለነቃና በአሠልጣኝ አጠገብ ላለ ሰው ነው። ዋና የማይችል ሰው 100 ኒውተን የሆነ እንዲሰጠው በስልክ አስቀድሞ መጠየቅ መብቱ ነው። ወፈር ያለ ነው፣ ሲቀዝፉ ክንድ ላይ ትንሽ ያስቸግራል፤ ለእህታችን ግን እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ከኋላ ማስቀመጥን በተመለከተ፦ ካያክ ሲገለበጥ አያስጠነቅቅም። አንተ በአንድ በኩል ትወድቃለህ፣ ጃኬቱ በሌላ በኩል ይንሳፈፋል፣ ንፋሱ ከአንተ ዋና ይፈጥናል። ጥልቅ ውሃ ውስጥ እየተንሳፈፉ ጃኬት መልበስና መቆለፍ ለጎበዝ ዋናተኛም ከባድ ነው። ከባሕሩ ዳር ሳይነሡ ይለበሳል፣ ባሕሩ ዳር ተመልሰው ይወልቃል።

አለባበሱ ደግሞ እንዲህ ነው። ጃኬቱን ስትቀበል ውስጡ ያለውን ምልክት እይ፤ ለስንት ኪሎ ሰው እንደተሠራ ተጽፎበታል። ስፖንጁን በጣትህ ጨምቀህ ልቀቅ፤ ጠፍጥፎ የሚቀር ከሆነ አርጅቷል፣ ሌላ ጠይቅ። ሰው እየተቀመጠበት የቆየ ጃኬት እንዲህ ይሆናል፤ ስለዚህ እናንተም ምሳ ስትበሉ አትቀመጡበት። ከዚያ ማሰሪያዎቹን ሁሉ አላልተህ ልበስ፣ ዚፑን ዝጋ፣ ከወገብ ጀምረህ ወደ ላይ እያጠበቅህ ሂድ። የትከሻው የመጨረሻ ነው። ከላይ ከጀመርክ ጃኬቱ ወደ ላይ ተስቦ ይቀራል፣ ወገቡ ላይ ያለው ማሰሪያም ሥራውን አይሠራም። ሲያልቅ እህትህ ከኋላህ ቆማ ሁለቱን ትከሻ ይዛ ወደ ላይ ትሳበው። አገጭህን አልፎ ወደ ጆሮህ የሚወጣ ከሆነ ወይ ሰፍቷል ወይ ልል ነው። ውሃ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነውና፦ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ አንተ ከሥሩ ትንጠለጠላለህ። ረጅም ትንፋሽ ስትስብ ደረትህ ካልተጨነቀ በቂ ጠብቋል።

ፊሽካ ከጃኬቱ ጋር መታሰሩንም አረጋግጡ። ሦስት ጊዜ ተከታታይ ፊሽካ የድረሱልኝ ጥሪ ነው።

ሂርማታ

ለእህታችን እኔ ልመልስ፤ ሴቶች ለዚህ ጉዳይ ጥርት ያለ መልስ የሚያገኙት ከስንት አንዴ ነው። ሂጃብ ለብሶ መቅዘፍ ይቻላል። አደጋ የሚያመጣው የጨርቁ ዓይነትና አተሳሰሩ ነው።

አንገት ላይ ተጠምጥሞ ጫፉ የሚለቀቅ ረጅም ሻሽ አይሆንም። ሲረጥብ ይከብዳል፣ ከላይፍ ጃኬቱ መቆለፊያ ጋር ይጠላለፋል፣ ከውሃ በጃኬቱ ትከሻ ይዘው ሲጎትቷት አንገቷን ሊያንቅ ይችላል። በራስ ላይ ብቻ የሚጠለቅ፣ አንድ ወጥ የሆነ፣ የሚለጠጥ የስፖርት ሂጃብ ይሁን። ጅማ መርካቶ ያሉት የሂጃብ ሱቆች ለስፖርት ትምህርት የሚሆነውን ይሸጣሉ። ጫፉ ማሊያው ውስጥ ይገባል፣ ማሊያው ላይ ጃኬቱ ይለበሳል። ስፒል ፈጽሞ አይኑር፤ ገላ ይወጋል፣ በአየር የሚነፋ ካያክ ከሆነ ደግሞ ይበሳል። ፀጉሯን ዝቅ አድርጋ ማጅራቷ ላይ ብታስይዘው ጥሩ ነው፤ ከፍ ብሎ የታሰረ ፀጉር ሂጃቡን ወደ ፊት ይገፋና ዓይን ይሸፍናል። ፊት የሚሸፍን ከሆነ ግን ውሃ ላይ መውለቅ አለበት፤ እርጥብ ጨርቅ አፍና አፍንጫ ላይ ተለጥፎ ትንፋሽ ይከለክላል።

ቀሚስም እንዲሁ። በመጀመሪያው ቀን፣ በክፍቱ ካያክ ላይ፣ ቀሚስ ሁለት ቁርጭምጭሚት ላይ ተጠቅልሎ ዋናን ይከለክላል። በሁለተኛው ቀን በዝጉ ካያክ ውስጥ ይብሳል፤ ሲገለበጥ ሰውየው መውጣት ያለበት እጁን ዳሌው አጠገብ አድርጎ ጀልባውን ከራሱ ላይ እንደ ሱሪ አውልቆ ነው፤ ሰፊ ጨርቅ መቀመጫው ላይ ወይም የእግር መርገጫው ላይ ከተያዘ አይለቅም። ሰፋ ያለ የስፖርት ቱታ ሱሪ፣ በላዩ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ከጎን የተሰነጠቀ የፖሊስተር ቱኒክ ብታደርግ ሰውነቷ እንደተሸፈነ እግሯ ነፃ ይሆናል። ቱኒኩ ጎን ላይ ስንጥቅ ከሌለው ልብስ ሰፊ ጋር ወስዳችሁ እስከ ዳሌ አስከፍቱት።

ጃኬቱን የሚያስተካክልላት አሠልጣኝ ወንድ ሊሆን ይችላል። ማሰሪያዎቹን ራሷ ማጥበቅ እንድትችል ከላይ የተጻፈውን ቅደም ተከተል አስቀድማ ብታጠና፣ የትከሻውን ፍተሻ ደግሞ አንተ ብታደርግላት ይበቃል።

ቆጪ ሰፈር (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴም አንብባ በጣም ተደስታለች። ጫማና መነጽር ቀረ። ሱቅ ላይ ያየሁት ወፍራም ሶል ያለው ስኒከር ነው፤ ይሆናል?

ቀዛፊው

ለመጀመሪያው ቀን ይሆን ይሆናል፣ ለሁለተኛው አይሆንም። ዝጉ ካያክ ውስጥ እግርህ የሚያርፈው ጠባብ ቦታ ላይ፣ ሁለት መርገጫዎች ላይ ነው። ወፍራም ሶል ከመርገጫው ሥር ሊሰነቀር ይችላል፤ የጫማ ማሰሪያም መርገጫው ላይ ይጠመጠማል። ስስ ሶል ያለው፣ አሮጌ ሸራ ጫማ ይበልጣል። ማሰሪያውን ከቋጠርክ በኋላ ጫፎቹን ወደ ውስጥ ክተት። ኮንጎ ጫማም መጥፎ አይደለም፦ ጣት ይሸፍናል፣ ውሃ አይጠጣም፤ ግን ልክህ ይሁን፣ ሰፊ ከሆነ ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ሸበጥ ግን አይሆንም፤ ገና ባሕሩ ዳር ጭቃው ይወስደዋል። ባዶ እግርም አትሂዱ፤ የላንጋኖ ውሃ ቡናማና ድፍርስ ስለሆነ የምትረግጡትን ድንጋይ ወይም ስባሪ አታዩትም።

መነጽሩን ከሁለቱ ዘንግ ጫፎች በክር አስረህ ማጅራትህ ላይ ጠበቅ አድርገው። ልል ክር መነጽሩን ከመጥፋት ቢያድንም ውሃ ውስጥ ፊትህ ላይ ያንጠለጥለዋል። ትርፍ መነጽር ካለህ ሻንጣህ ውስጥ ይሁን። ቀለበትና አምባር እቤት ይቅሩ፤ እጅ ሲሞቀው ያብጣል፣ ቀለበት ያለበት ጣትም መቅዘፊያው ላይ ቶሎ ውሃ ይቋጥራል። መቅዘፊያውን ጨምቃችሁ አትያዙ፤ የእጅ መላጥ ከጨርቅና ከጓንት ይልቅ በመላላት ነው የሚድነው።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ፣ ከሁሉም በላይ የምመክረው ይህን ነው። ሙሉ ልብሱን ከነጫማው ልበሱና ግቢ ውስጥ ሁለት ባልዲ ውሃ እላያችሁ ላይ አፍስሱ። ከዚያ መሬት ላይ ፌስታል አንጥፋችሁ እግር ዘርግታችሁ ተቀመጡ፣ የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጅ ይዛችሁ ለ20 ደቂቃ ያህል እንደሚቀዝፍ ሰው ግራና ቀኝ አዙሩ። ወገብ ላይ የሚቆርጥ ላስቲክ፣ ብብት የሚፍቅ ስፌት፣ ዓይን ላይ የሚወርድ ሂጃብ ሁሉ እዚያው ይታወቃል። መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ጅማ ውስጥ ካስፈቀዳችሁ ደግሞ ደረት በማይደርስ ውሃ ውስጥ እንደለበሳችሁ ተራመዱ፣ ጠርዙን ይዛችሁ በሆዳችሁ ለመውጣት ሞክሩ። መውጣት የከለከላችሁ ልብስ ላንጋኖም ይከለክላችኋል።

ነርስ ከጅማ

ፀሐይን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ 1,585 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ውሃው ደግሞ የተወሰነውን መልሶ ወደ ፊት ይልካል። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፤ ቀስ ብሎ ስለሚታወቅ ነው የሚዘናጋው። መከላከያ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ውሃ የሚቋቋም ቅባት ከፋርማሲ ግዙ። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ የተጨመቀ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ሰው የሚቀባው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ከመውጣት 20 ደቂቃ በፊት ተቀቡ፣ በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጣችሁ ቁጥር ድገሙት። የእጅ ጀርባ፣ የእግር ጀርባ፣ ከአገጭ ሥር አይረሳ። መዳፍ ላይ ግን አይቅር፤ መቅዘፊያውን ያሟልጨዋል። ባርኔጣ ከአገጭ ሥር የሚታሰር ይሁን።

ሁለተኛው ወባ ነው። ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ ኅዳር መሀሉ ላይ ነው። ሲመሽ ረጅም እጅጌና ካልሲ ልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ተቀቡ፣ አጎበር መኖሩን ከማደሪያው ጠይቁ። ሁለቱንም ቅባት በአንድ ጊዜ የምትቀቡ ከሆነ የፀሐዩ ይቀድማል፣ የትንኙ ከላይ ይሆናል።

ብልሃርዚያን (ከሐይቅ ውሃ በቆዳ በኩል የሚገባ ትል የሚያመጣውን በሽታ) ብዙ ሰው ይጠይቃል። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው በጸጥተኛና ሣር በበዛበት የዳር ውሃ ነው፤ ስለዚህ የትም ሐይቅ ብትሄዱ ሣር ውስጥ ቆማችሁ አትቆዩ። በፎጣ መድረቅ ብቻውን አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ከሥጋታችሁ ለመገላገል ከፈለጋችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ተመርመሩ፤ ከዚያ በፊት በምርመራው ላይታይ ይችላል። ቢገኝ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው።

አስም ያለበት ሰው ወደ አፍ የሚነፋውን መድኃኒት (ኢንሄለሩን) ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርጎ የላይፍ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ይያዝ፣ ለአሠልጣኙም ይንገር። የሚጥል በሽታ ያለበት ሐኪሙን ሳያማክር አይሂድ።

የነፍስ አድን ባለሙያ

ቦዬንና ግልገል ጊቤን የመለሰ የለም። ሁለቱም ጋ አትሂዱ። ሁለቱም ጋ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው፣ ካያክ ደግሞ ዝቅተኛና ጸጥ ያለ ስለሆነ ከላዩ እስኪደርስ አይታወቀውም። በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል የገባን ነገር ያጠቃል፣ ጀልባ ይገለብጣል። ጀማሪ ሊያመልጠው የሚችል ፍጥነት የለውም። ግልገል ጊቤ በዚያ ላይ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ግድብ ነው፤ የውሃው ከፍታ ይለዋወጣል፣ ያለ ፈቃድ የሚገባበትም አይደለም። አጃቢ ጀልባ፣ አሠልጣኝና ጃኬት ሳይኖር የሚደረግ ልምምድ ለሥልጠናው የሚጨምረው ነገር የለም። የባልዲውና የመጥረጊያው ልምምድ በቂያችሁ ነው።

ሂርማታ

ስለ ጉዞው ትንሽ ልጨምር። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ ላንጋኖ ሌላ 200። በአንድ ቀን ተጉዛችሁ በማግሥቱ ጠዋት ውሃ ላይ አትውጡ፤ ቢቻል አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። በመንገድ ላይ ጫት የሚቅም ካለ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ እንደሚነሣው ያስብበት፤ ያልበላና ያልተኛ ሰው ሁለተኛው ሰዓት ላይ ክንዱ ይዝላል። ቡናውን ጠጡ፣ ግን ውሃውን አይተካም። ለአንድ ሰው ለግማሽ ቀን 2 ሊትር ውሃ፣ ጠርሙሱ በገመድ ከጀልባው ጋር የታሰረ። ስንቅ ዳቦ ቆሎ ወይም ጭኮ ይመቻል፣ በእርጥብ እጅም ይበላል። ጾም ላይ ከሆናችሁ ፀሐይ ሳይበረታ የጠዋቱ ምድብ ውስጥ እንዲያስገቧችሁ ጠይቁ።

ውሃ የማያስገባ ከረጢት ከሌላችሁ ሁለት ወፍራም ፌስታል አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጉ። የውስጠኛውን አየሩን አስወጥታችሁ አፉን ሦስት ጊዜ ጠቅልላችሁ እሰሩ፣ የውጪኛውንም እንዲሁ። ስልክ እዚያ ውስጥም ቢሆን ባሕሩ ዳር ቢቀር ይሻላል። ቅያሪ ልብስ፣ ፎጣና ጋቢ ባሕሩ ዳር ይጠብቋችሁ፤ የኅዳር ማታ ይበርዳል፣ ጋቢ ደረቅ ሲሆን ያን ጊዜ ነው የሚጠቅመው። እርጥቡን ልብስ በመጀመሪያው ቀን ማታ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ ስቀሉት፤ ላንጋኖ ጨዋማነትና ሶዳ ስላለው ሳይለቀለቅ የደረቀ ጨርቅ በማግሥቱ ብብት ያሳክካል።